የአያ ሽታው ካርድ

እህቴ ራዚያ ከኩዌት ስትደውል መጀመሪያ የምትጠይቀው የእናታችንን ደም ግፊት ነበር። ከረመዳን ወዲህ ግን ጥያቄዋ «አስተባባሪ አገኘህ?» ሆነ። ሰርጓ ግንቦት ውስጥ ነው፤ ፈቃዷ ሃያ አንድ ቀን ብቻ። የሚያገባት ካሊድ የአምባሰል ልጅ ነው፤ የውጫሌ። መቶ ሰው አስከትሎ ይመጣል። እሷ ደግሞ ከአውሮፕላን ወርዳ ድንኳን ስታስተክል መዋል አልፈለገችም።

«አንተ የተማርክ ነህ ሙሀይሚን፤ የማይቀልድ ሰው ምረጥልኝ» አለችኝ።

ሥራዬ ብዬ ያዝኩት። ደሴ ውስጥ ሰርግ የሚያስተባብሩ ሦስት ሰዎች አገኘሁ። አንደኛው ቲክቶክ ላይ ያማሩ ቪዲዮዎች ነበሩት፤ ሰርጋቸውን ያስተባበረላቸውን ሰዎች ስልክ ስጠይቀው ግን ሳቀብኝ። ሁለተኛው ለጠየቅኩት ሁሉ «ችግር የለም» አለ። ሦስተኛዋ ሒክማ የምትባል ወጣት ናት፤ ይልቅ እሷው ጠያቂ ሆነች። ዝናብ ቢመጣ ውሃው በየት በኩል ይወርዳል? መብራት ቢጠፋስ? ቀኑ ከክርስቲያኖች ጾም ጋር አይገጥምም? የአምስት ሙሽሮች ስልክ ሰጠችኝና ለአምስቱም ደወልኩ። አንዷ «ትቆጣለች፤ ግን ያለችውን ታደርጋለች» አለችኝ። ሒክማን መረጥኩ።

ሐይቅ ከተማ፣ ቤታችን መጥታ ግቢያችንን ለክታ ስትጨርስ ደብተሯን ገለጠች።

«የክርስቲያኑ ምግብ በማን ነው?»

እኛ ዘንድ እስላም ሲደግስ ሁለት ሰንጋ ይገዛል። አንዱን እስላም ያርደዋል፤ ሌላውን ለክርስቲያን እንግዶች ክርስቲያን ጎረቤት አርዶ በራሱ ግቢ ያሠራዋል። በእኛ ቤት ይህን የሚይዙት አያ ሽታው ናቸው። ከአጥራችን ማዶ ይኖራሉ፤ ሐይቁ ላይ ዓሣ ያጠምዳሉ። ታላቅ ወንድሜ ሲዳር እሳቸው ያዙት፤ አባቴ ከሐጅ ሲመለስም እንዲሁ።

«ጎረቤታችን አያ ሽታው አሉ» አልኳት።

«ተነግሯቸዋል?»

«አይነገራቸውም። የታወቀ ነው።»

«የታወቀ ነው ተብሎ እንግዳ ጦሙን ሲያድር አይቻለሁ፤ ወላሂ! ስማቸውን፣ ስልካቸውን፣ ስንት ሰው እንደሚያበሉ ካልያዝኩ እኔ ዘንድ የሉም።»

ነገሯ ልክ መሰለኝ። አያ ሽታው ደግሞ ስልሳውን አልፈዋል፤ ጉልበታቸውን ያማቸዋል። አንድ ጊዜ እንኳ ሳይለፉ እንደ ክቡር እንግዳ ቢቀመጡ ምን አለበት? ሒክማ ክርስቲያን የሆነ ምግብ አዘጋጅ ከደሴ ፈልጋ አመጣች። እሱንም እንደ ልማዴ አጣራሁ፤ ሁሉም አመሰገኑት። ተስማማሁ።

ካርዱ ታትሞ ሲመጣ የአያ ሽታውን ራሴ ወሰድኩላቸው። «ለክቡር አቶ ሽታው፣ ከነቤተሰብዎ» ይላል። ደጃፋቸው ላይ መረብ ይጠግኑ ነበር። ፊቱን አነበቡት፤ ገልብጠው ጀርባውን አዩት።

«ጥሩ ወረቀት ነው» አሉ። «የት ነው የምቀመጠው?»

«ከፊት ነዋ! ከሽማግሌዎቹ ጋር።»

«እግዜር ይስጥልኝ።»

ደስ ያላቸው መሰለኝ።

ከዚያ በኋላ የሆነው አልገባኝም። አያ ሽታው ወደ ሐይቁ ሲወርዱ አጥራችን ላይ ባለችው ክፍተት ገብተው ግቢያችንን ነበር የሚያቋርጡት፤ በማግሥቱ በአስፋልቱ ዞረው ሄዱ። በሦስተኛው ቀን ባለቤታቸው ለተብርሃን ትልቁን ድስታችንን አጥበው፣ ከነክዳኑ ይዘው መጡ። ከስንት ዓመት በፊት እንደተዋሱት እናቴም አታስታውስም። ተቀበለቻቸውና ማዕድ ቤት ገብታ አለቀሰች።

«ምን ሆንሽ እማ?»

«ምንም። ድስታችንን መለሱልን።»

«ታዲያ ይሄ ያስለቅሳል?»

«ሂድ አንተ፤ ካርድህን ጻፍ!»

ጥፋቱ የሒክማ ይሆን? ስትለካ አጥራቸውን ነክታ ይሆን? ደወልኩላት። «አጥር አልነካሁም፤ ፎቶ አንስቻለሁ፤ ላክልህ?» አለችኝ። ላከችልኝ። አጥሩ ደህና ነው። ከራዚያ ጋር አወራሁ፤ «ምናልባት ከአባባ ጋር ተጣልተው ይሆናል» አለች። አባቴን ጠየቅሁ።

«ተጣልታችኋል እንዴ ከአያ ሽታው ጋር?»

አባቴ ከመስጂድ መመለሱ ነበር። ጫማውን አወለቀ። ከዚያ፣

«ለሽታው ካርድ የሰጠኸው አንተ ነህ?» አለኝ።

«አዎ፤ እኔ ራሴ።»

«ለእኔስ መቼ ትሰጠኛለህ?»

መጀመሪያ ቀልድ መሰለኝ።

«አባባ፣ እኮ እንዲያርፉ ብዬ ነው። የደሴው ሰውዬ ደግሞ ታማኝ ነው፤ አጣርቻለሁ።»

«ይሁን፤ ታማኝ ነው። ክርስቲያኑም መጥቶ ይበላል፤ አይራብም። ሽታው ግን ሠላሳ ዓመት በአጥር ሾልኮ ሲገባብኝ ኖሮ፣ አሁን ቤቴ የሚመጣው በወረቀት ነው። ሲያበቃም በወረቀት ይቀራል።» ጫማውን ወደ ግድግዳው አስጠጋ። «እኔ ሄጄ ምን ልበለው? ልጄ ሊያከብርህ ብሎ ነው ልበለው?»

ሐይቁ ዳር ሄድኩ። አያ ሽታው ታንኳቸውን እያሰሩ አገኘኋቸው።

«ኦ! ክቡር አስተባባሪ!» አሉኝ። «ምን እግር ጣለህ? ወንበሬ ተቀየረ?»

«አያ ሽታው፣ አጥፍቻለሁ።»

«ምን አጠፋህ? አቶ አልከኝ፤ ክቡር አልከኝ። በዕድሜዬ ክቡር ያለኝ የለም። ለተብርሃን ከዚያ ወዲህ ውሃ እንኳ ስታቀብለኝ ‹እንካ ክቡር› ነው የምትለኝ።»

ልስቅ አልስቅ ጨነቀኝ።

«እንዲያርፉ ብዬ ነው፤ ወላሂ።»

«ደከመኝ ብዬ ነግሬህ ነበር?»

«የለም።»

«ሞቷል ያለህስ አለ?»

«ኧረ አያ ሽታው!»

«አባትህ ነው የላከህ?»

«አልላከኝም።»

ገመዱን መጠምጠም ቀጠሉ። ምን ብል እንደሚሻል አላወቅሁም፤ ይቅርታ ብዬ እንዳልደግም ቀልድ የሚጨምሩብኝ መሰለኝ፤ ልሂድ እንዳልል መምጣቴ ከንቱ ሊሆን ነው።

«ሰንጋው ተገዛ?» አሉ ሳያዩኝ።

«የደሴው ሰውዬ ሥጋውን ራሱ ይዞ ነው የሚመጣው።»

ገመዱ ከእጃቸው ወደቀ።

«ተቆርጦ?»

«አዎ።»

«በመኪና?»

«በመኪና… መሰለኝ።»

«የአባትህ የሙሐዲን ልጅ ስትዳር፣ ሥጋ እንደ ሲሚንቶ ተጭኖ ከደሴ?» ገመዱን አንስተው አንዴ ጠምጥመው አሰሩት። «ነገ ገበያ ነው፤ በማለዳ ና። ይቅር አልኩህ ማለት አይደለም። ከብት የሚጎትትልኝ ስለሌለ ነው።»

በማግሥቱ ገበያው ውስጥ ተከትያቸው ዞርኩ። ከአንዱ በሬ ወደ ሌላው ይሄዳሉ፤ ጎኑን ይዳስሳሉ፤ ጭራውን ያነሳሉ።

«እንዴት አየኸው?» ይሉኛል።

«ጥሩ ነው።»

«ምኑ?»

ትተውት ያልፋሉ። ለሰርጉ እየገዙልን ይሁን ወይስ እየቀጡኝ መለየት አቃተኝ። ሰባተኛው ሰንጋ ጋ ስንደርስ ስልኬ ጠራ። ሒክማ ናት።

«የደሴው ሰውዬ ዛሬ ቁርጡን ይፈልጋል። ልያዘው ወይስ ልተወው?»

«ተይው።»

«በማን ተካኸው? እርግጠኛ ነህ?»

አያ ሽታውን አየኋቸው። እጃቸው በሬው አፍ ውስጥ ነው። እሺ እንዳሉኝ እንኳ አላውቅም።

«ማናት?» አሉኝ።

«አስተባባሪዋ። የክርስቲያኑን ማን ይዞታል ትላለች።»

እጃቸውን አውጥተው በጋቢያቸው ጫፍ ጠረጉና ስልኩን ወሰዱብኝ።

«ሃሎ። ሽታው ነኝ። ስንት ክርስቲያን ነው የያዝሽው?… ሰማንያ? ማን ቆጠረልሽ?… እሱማ ምን ያውቃል፤ የእኔ ልጅ! ከአርዲቦ የሚመጡትን ረስቷቸዋል። መቶ ሃምሳ በይ።… የለም የለም፤ ምጣድ አትከራዪ፤ ለተብርሃን ትሰማሻለች…»

የበሬውን ገመድ እጄ ላይ ጥለውልኝ እያወሩ በከብቶቹ መሃል ራቁ። ከማዶ ሒክማ ስትከራከር ይሰማኛል፤ እሳቸውም ድምፃቸውን ከፍ አደረጉ።

ባለ በሬው ወደ እኔ ዞረ።

«ገዛችሁት ወይስ አልገዛችሁትም?»

አላወቅሁም። ገመዱን ግን ጠበቅ አድርጌ ያዝኩ።