የአቡ ዋዲዕ መቀመጫ

ሙንዚር በጀልባዋ ሆድ በተጠራቀመው ውሃ ጣቱን ነክሮ ቀመሰ። ጨው ነው። የዝናብ ውሃ ቢሆን ኖሮ እፎይ ባለ ነበር።

"ዛሬም ገብቷል?" አለ ዋዲዕ ከወደቡ ድንጋይ ላይ ሆኖ።

"ዓይን የለህም?"

"ጎማውን ቀየርኩት አላልከኝም እንዴ አጎቴ? ነገ እኮ ስምንት ሰው ከቤይሩት ይመጣብኛል። ይህችን ጀልባ ካላወጣሁ ልጆቼን ምን ላበላ ነው?"

ሙንዚር በጢሮስ ወደብ ሞተር ሲፈታና ሲገጥም ያረጀ ሰው ነው፤ የቀየረው ጎማ እንደማያፈስ ያውቃል። ከጀልባዋ ኋላ ወደ ውሃ የሚወርደውን የሞተሩን እግር ፈቶ፣ እንደ አኮርዲዮን የተጣጠፈውን አሮጌ ጎማ በአዲስ ተክቷል። ትናንት ጥሏት ሲሄድ ውስጧ ደረቅ ነበር። ሌሊቱን ግን ውሃ ገባ።

ውሃውን ቀድቶ ካወጣ በኋላ በሆዱ ተኝቶ በባትሪ ፈተሸ። የሞተሩን እግር ከጀልባዋ ጋር ከሚያስሩት ቡሎኖች በላይኛው ዙሪያ እንጨቱ በስብሷል። ቀዳዳው ግን ከባሕሩ አንድ ጋት ከፍ ይላል።

"እዚህ ድረስ ውሃ የሚደርሰው ከኋላ ከባድ ሰው ሲቀመጥ ብቻ ነው" አለ። "ማታ ማታ ማን ይቀመጥበታል?"

"ማን ይደፍራል? እናቴ በቁሜ ትቀብረኛለች።"

የኋላው መቀመጫ የዋዲዕ አባት የአቡ ዋዲዕ ነበር። ክረምት ላይ ለዓሣ እንደወጣ ቀረ፤ ጀልባዋን ብቻዋን ስትሽከረከር አገኟት። በሰፈራቸው፣ ባሕር የወሰደውን ሰው እስኪመልስ ድረስ በቦታው ማንም አይቀመጥም።

"እንግዲያው እኔ ልቀመጥ። ወዳጄ ነው፣ አይቆጣኝም።"

ሙንዚር በጀልባዋ ጀርባ ላይ ውሃው የሚነካበትን ቦታ በጠመኔ አሰመረና ሄዶ ተቀመጠ። ዋዲዕ ድንጋዩ ላይ በደረቱ ተኝቶ መስመሩን ያያል። ኋላዋ ዝቅ አለ፤ መስመሩ ሰጠመ፤ ከቡሎኑ ሥር ውሃ መንጠባጠብ ጀመረ።

"አገኘነው!" አለ ሙንዚር። ደስ ብሎት ተነሣና ወደ ድንጋዩ ወጣ።

"በቃ አጎቴ፣ አሁን ተነሥ" አለ ዋዲዕ ዓይኑን ከውሃው ሳያነሣ።

"ተነሥቻለሁ።"

ድምፁ የመጣው ከጎኑ ነበር። ዋዲዕ ቀና ብሎ አየው። ከዚያ ጀልባዋን አየ። ቀትር ነው፤ ነፋስ የለም፤ ባሕሩ እንደ ዘይት ረግቷል። መቀመጫው ባዶ ነው። መስመሩ ግን አሁንም ከውሃ በታች ነው፤ ውሃውም ይንጠባጠባል።

ሙንዚር ፈራ።

"ልሽጣት?" አለ ዋዲዕ በሹክሹክታ።

"ለማን? አባትህን ጨምረህ?"

ሁለቱም አልሳቁም። ሙንዚር ግን አንድ ነገር ትዝ አለው። አቡ ዋዲዕ በሕይወት ሳለ፣ ሞተሩ ሲጠገን ሁልጊዜ እዚያው ይገተርበት ነበር፤ በየጊዜው ሲነታረኩ ነው የኖሩት። ጉሮሮውን ጠረገ።

"አንተ ሰውዬ! እስቲ ተነሥልኝ፣ ልሥራበት!"

የጀልባዋ ኋላ በዝግታ ከፍ አለ። መስመሩ ከነእርጥበቱ ብቅ አለ።

ዋዲዕ ፊቱን በእጁ ሸፈነ። ሙንዚር ወረደ፤ ክብደቱ ኋላዋን እንዳያሰጥም መሃሏ ላይ በሆዱ ተኝቶ እጁን ዘርግቶ ቡሎኑን ፈታ፣ የበሰበሰውን እንጨት ጠረበ፣ ቀዳዳውን አድርቆ በማሸጊያ ሞላና አዲስ ቡሎን አጠበቀ። ማሸጊያው እስኪደርቅ እዚያው ጠበቀ። ወደ ኋላም ዞሮ አላየም።

"ጨርሻለሁ" አለና ወጣ።

ኋላዋ ዝቅ አለ። መስመሩ ሰጠመ። ጠበቁ፤ አንዲት ጠብታ እንኳ አልገባችም።

"ነገ ውጣ" አለ ሙንዚር መሣሪያውን እየሰበሰበ። "ሰባት ሰው ጫን።"

"ስምንት ናቸው እኮ። አንዱን ምን ብዬ ላስቀረው?"

"ጀልባዋ ሞልታለች በለው። ውሸት አይደለም።"

ዋዲዕ ለእንግዶቹ ያዘጋጃቸውን ስምንት የመንሳፈፊያ ሰደርያዎች ወደ ጀልባዋ አወረደ። ሰባቱን ከፊት ደረደረ። አባቱ ይሞቀኛል እያለ ለብሶት የማያውቀውን ስምንተኛውን ወስዶ በኋላው መቀመጫ ላይ አኖረ፤ ማሰሪያውንም ፈታለት።