ቦራ ዝም ያለች ቀን

የሱሉልታዋ ደመቀች ቦራ የምትባል ላም ነበረቻት። ይቺ ላም አመሏ ለብቻ ነው፤ ኮርማ የሚያምራት መንገድ በተዘጋ ቀን ነው! በማስተር ፕላኑ ሰበብ አገር ሲታመስ፣ ጎማ ሲነድ፣ እሷ በረቷ ውስጥ እምቧ ትላለች። ሁለት ጊዜ እንዲህ ሆነና የላም አዳቃዩ ኦቦ ዲሪባ ከጫንጮ ሳይመጡ ቀሩ።

ጎረቤት «ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ» እያለ ተረበባት። ደመቀችን ግን አላሳቃትም። ቦራን እናቷ ሞታባት በጥጃነቷ ጣቷን እያጠባች ያሳደገቻት እሷ ናት። ባሏ ተክሉ ደግሞ ቁርጡን ነግሯታል፤ ቦራ በሦስተኛውም ካልጸነሰች ለገና ሉካንዳ ትገባለች።

ካለፈው ጥሪዋ በሃያ አንደኛው ቀን ቦራ ጠዋት እምቧ አለች። መንገዱም ተዘጋ። ደመቀች ስልክ ደወለች።

«በእግሬም ቢሆን እመጣለሁ» አሉ ኦቦ ዲሪባ፣ «እስከ ማታ ካልደረስኩ ግን ዕድሉ አለፈ።»

አላስቻላትም፤ ልትቀበላቸው ሮጠች። ድንጋይ የተደረደረበት ቦታ ስትደርስ ወጣቶች ኦቦ ዲሪባን ከበዋቸዋል። እሳቸው ትከሻቸው ላይ የብር መልክ ያለው ትልቅ ቆርቆሮ ተሸክመዋል።

«አባባ፣ ምንድን ነው እሱ?» አለ የጎረቤቷ ልጅ ሁንዴ።

«የኮርማ ዘር።»

«በቆርቆሮ? ይክፈቱታ እንየው!»

ኦቦ ዲሪባ ክዳኑን አነሱት። ነጭ ጉም ቡልቅ አለ።

«አስለቃሽ ጭስ!» ብሎ አንዱ ጮኸ።

ወይ ጉድ! ያ ሁሉ ጎረምሳ እግሬ አውጪኝ አለ። ሁንዴ ቦይ ውስጥ ዘሎ ገብቶ «ዓይኔን! ዓይኔን!» ይላል።

«አንተ ሁንዴ፣» አለች ደመቀች ሆዷን ይዛ እየሳቀች፣ «አንተ ጋ እኮ አልደረሰም!»

«ብርድ ነው ልጄ» አሉ ኦቦ ዲሪባ። «ዘሩ ሳይበላሽ የሚቆየው በብርድ ነው።»

ሁንዴ ዓይኑን ገለጥ አደረገ። ከዚያ አፍሮ ሳቀ፤ ሌሎቹም ተከተሉት።

«ድንጋዩን አንሱ! ኮርማ ይለፍ!» አለ ሁንዴ።

ቆርቆሮውን ተቀባብለው ተሸክመው እስከ በረቱ ድረስ ሸኟቸው። ሥራው አሥር ደቂቃ አልፈጀም። ኦቦ ዲሪባ እጃቸውን እየታጠቡ፣ «ከያዘላት፣ አንዷ ፍሬ ሁለት ትሆናለች፣ ሁለቷ አራት፣ እንዲያ እያለች ትበዛለች። በአሥራ ስድስተኛው ቀን ግድም ፅንሱ እናቱን ‹አለሁ› ይላታል። ከሰማችው በሃያ አንደኛው ቀን ኮርማ አትጠራም» አሏት።

«እንዴት ብሎ ነው የሚላት?»

«እሱን የሚያውቁት ሁለቱ ናቸው።»

ከዚያ ወዲያ ደመቀች ቀን ስትቆጥር ከረመች። ሃያ አንደኛው ቀን ሲነጋ በረቱ በር ላይ ቆማ ጆሮዋን ጣለች። ቦራ ገለባዋን ታመነዥካለች። ረፋድ ሆነ፣ ዝም። ቀትር ሆነ፣ ዝም። አመሻሹ ላይ ሁንዴ ከመንገድ እየሮጠ መጣ።

«እትዬ ደመቀች፣ ዛሬም መንገድ ተዘግቷል! ኦቦ ዲሪባን ሄደን እናምጣቸው?»

ደመቀች የቦራን አንገት አቀፈች፤ እንባዋ በላሟ ግንባር ላይ ወረደ።

«ተዋቸው ይረፉ» አለች፣ «እኛ ቤት የሚመጣው መጥቷል።»