የሊጋያ ገና ረቡዕ ዋለ

ሉሊት ጾም ላይ መሆኗን ለመናገር የመጀመሪያው አጋጣሚ ያመለጣት ገና በሩ ላይ ነበር። ሲስተር ሊጋያ በእርጥብ እጇ በሩን ከፍታ፣ «ና፣ ግባ! ዛሬ የእኛ ገና ነው። እንግዳ አንተ ብቻ ነህ» አለቻት። ሉሊት ፈገግ ብላ ገባች። ሊጋያ አማርኛ የለመደችው ከግቢው ዘበኛ ከጋሽ ዳምጤ ስለሆነ ሴቱንም ወንዱንም «አንተ» ነበር የምትለው።

ቀኑ ታኅሣሥ አሥራ ስድስት፣ ዓመቱ 1989 ነው። ሊጋያ ከፊሊፒንስ መጥታ ሴቻ በሚባለው የአርባ ምንጭ ሰፈር በአንድ ክሊኒክ የምትሠራ አዋላጅ ነርስ ናት። ሉሊት ደግሞ ከዩኒቨርሲቲ ስትመረቅ ዕጣዋ አርባ ምንጭ ወጥቶ ባዮሎጂ የምታስተምር የደሴ ልጅ። የሚኖሩት በአንድ ግቢ፣ ግድግዳ በሚጋሩ ክፍሎች ነው።

ሉሊት መምህራን ማረፊያ ክፍል ስትገባ ጋሞኛና ወላይትኛ የሚጫወቱት ባልደረቦቿ ለእሷ ሲሉ ወደ አማርኛ ይዞራሉ፤ በዚያው ጨዋታው ይቀዘቅዛል። ስለዚህ መግባቱን ትታው ነበር። እሑድ እሑድ ከቤተ ክርስቲያን ስትመለስ ደጃፏ ላይ ተቀምጣ ቁልቁል የአባያን ቀይ ውሃ ታያለች። በዓመት ውስጥ ያለ ጉዳይ በሯን ያንኳኳ ሰው ቢኖር ሊጋያ ብቻ ናት። ያችን አንዷን ሰው ደግሞ እምቢ ብላ ማስከፋት አልፈለገችም።

ሊጋያ ጠረጴዛው ላይ እናቷ በፖስታ የላኩላትን ካርቶን ዘርግፋዋለች። ጉላማን የሚሉትን ነጭ ዱቄት በስኳርና በውሃ አፍልታ፣ ከትንሽ ጠርሙስ አረንጓዴ ነገር ጠብ ጠብ ስታደርግበት ቤቱ አዲስ የተቀቀለ ሩዝ ሸተተ። ፓንዳን የሚባል የአገሯ ቅጠል ነው አለች። ትሪ ላይ ገልብጣው ሲረጋ ሉሊት በቢላዋ ትንንሽ አራት ማዕዘን አድርጋ ቆራረጠችው። የኮኮናቱን ጣሳም ከፈተች።

ቀጥሎ የተሰጣት የወተት ጣሳ ነበር። መክፈቻውን እንደያዘች ቆመች። አሁን ልንገራት፣ አለች በልቧ።

«እኛ ቤት» አለች ሊጋያ፣ «እናቴ በባልዲ ነው የሚሠራው። ሰው ብዙ፣ ጩኸት ብዙ። እዚህ ዛሬ ረቡዕ ነው። ረቡዕ ብቻ። አምና ብቻዬን በላሁ፤ ሆዴ ውስጥ ድንጋይ ሆነ። ክፈት፣ ክፈት!»

ሉሊት ከፈተችው።

የኮኮናቱ፣ የወተቱና የአረንጓዴው ቁራጭ ድብልቅ በላምባ የሚሠራው ማቀዝቀዣ ውስጥ ገብቶ በደንብ ከቀዘቀዘ በኋላ ሊጋያ በሳህን ቀዳች። ጋሽ ዳምጤንም ከበር ጠራችው። ባርኔጣውን አውልቆ ገባና ሳህኑን ወዝወዝ አደረገው።

«ሲስተር፣ ይሄ ነገር ይንቀጠቀጣል እኮ! በርዶት ነው ወይስ እኔን ፈርቶ?» ቀመሰና ዓይኑን ጨፈነ። «ወተት አለው! ጴንጤ መሆን ደጉ።» ከዚያ ያልተነካውን የሉሊትን ሳህን አየ። «ቲቸር፣ አንቺስ? ጾምሽን ለእኛ ብለሽ ልታፈርሺ ነው?»

«ጾም?» አለች ሊጋያ። «ወተት የለም?»

«እስከ ገና የለም» አለች ሉሊት።

«ገና ዛሬ ነው።»

«የእናንተ።»

ጋሽ ዳምጤ ነገሩ እንዳላማረ ገብቶት ሳህኑን ይዞ ወጣ።

«ጣሳውን አንተ ከፈትክ» አለች ሊጋያ ቀስ ብላ። «ለምን ዝም?»

«እንዳይከፋሽ ብዬ ነው።»

«አሁን ከፋኝ።»

ሊጋያ የራሷን በላች። ስትጨርስ የሉሊትን ሳህን አንስታ ወደ ማቀዝቀዣው መለሰችው። ወዲያው ጋሽ ዳምጤ፣ «ሲስተር፣ ክሊኒክ ይፈልጉሻል! ምጥ የያዛት ሴት መጥታለች!» ብሎ ተጣራ። ነጭ ጋዋኗን ክንዷ ላይ ጣል አድርጋ፣ ዞር ሳትል ወጣች።

ሉሊት በሰው ቤት ብቻዋን ቀረች። ክፍሏ ከግድግዳው ማዶ ነው፤ ግን አሁን ብትገባ ነገም ከነገ ወዲያም በሯን የሚያንኳኳ እንደማይኖር ታያት። ሳህኖቹን አጠበች። ጠረጴዛውን ስትጠርግ የተረፈ የጉላማን ፓኬት አገኘችና ጀርባውን አነበበች፤ ከባሕር ሣር የተሠራ ይላል። ኮኮናቱም የዛፍ ፍሬ ነው። ታዲያ ወተቱ ቢቀር ምን ይጎድለዋል? እሳቱን ለኮሰች። ሊጋያ ስታደርግ እንዳየችው አፈላች፣ ከአረንጓዴው ጠብ አደረገች፣ የተረፈውን ኮኮናት ጨመረች። ማቀዝቀዣ ሳያስፈልገው በዚያ ሙቀት እዚያው ጠረጴዛ ላይ ሲረጋላት ብቻዋን ሳቀች። ቢሆንም አቀዘቀዘችው።

ክሊኒኩ ስትደርስ የወላዷ ዘመዶች አግዳሚው ላይ በጋሞኛ ያወሩ ነበር። ሲያዩዋት ወሬያቸውን ሳያቋርጡ ጠጋ ጠጋ ብለው ቦታ ለቀቁላት። የተከደነውን ሳህን ጭኗ ላይ አድርጋ ጠበቀች።

ሊጋያ እጇን እያደረቀች ብቅ አለች። አየቻት፤ ሳህኑንም አየች።

«ወተት የለበትም» አለች ሉሊት። ድምፅዋ ከጠበቀችው በላይ ጮኸ። «አብረን እንድንበላ ነው። ቀድሜ ሳልነግርሽ ቀርቼ ገናሽን አበላሸሁብሽ።»

ሊጋያ አጠገቧ ተቀመጠች። አንድ ማንኪያ ጎረሰች፣ አኘከች፣ ፊቷን ቋጠር አደረገች።

«ስኳር የት ሄደ?»

«ወይኔ!»

ሊጋያ ሳቋ አመለጣት፤ ሉሊትም ተከተለቻት። ገና ሁለተኛውን ሳትጎርስ ከውስጥ ጠሯት። ተነሥታ፣ «ሌላ ቀን ዝም ካልክ አልጠራህም» አለቻትና ወደ በሩ ሄደች። «ጠብቀኝ፤ ቶሎ አይደለም።»

ፀሐይ ከጋሞ ተራሮች ጀርባ ስትገባ ዘመዶቹ ሕፃኑን እንዲያዩ ተጠርተው ገቡ፤ አግዳሚው ባዶ ሆነ። ሉሊት የሳህኑን ግማሽ በማንኪያዋ ለይታ ለሊጋያ ተወችው። የራሷን ግማሽ፣ ስኳር የሌለውን፣ አንድ አንዱን ቁራጭ እያነሳች እንዳያልቅባት ቀስ ብላ በላች።