መቶ በመቶ

ዶክተሩ ባሕር ማዶ ተምሮ ሲመለስ ይዞት የመጣው ሀብት አንዲት ወረቀት ናት። የሆስፒታሉ ሠራተኛ ስሙን ትቶ «ዶክተር ወረቀት» ቢለው አይፈረድበትም። ወረቀቷ ላይ ሕመምተኛ ማደንዘዣ ከመወጋቱ በፊት የሚጠየቃቸው አሥራ አራት ጥያቄዎች አሉ፦ ምግብ ከበላ ስንት ሰዓት ሆነው? የማይስማማው መድኃኒት አለ? የሚወልቅ ጥርስ አለው? የጀመረው ጥናትም ይህ ጥያቄ ሰው ከአደጋ ያድን እንደሆነ መመርመር ነበር።

በስምንት ወር ሦስት መቶ አሥራ አንድ ወረቀት ተሞላ። አንድም ክፍት ቦታ፣ አንድም ችግር የለም። እንዲህ ያለ ጤነኛ ሕመምተኛ በየትም አገር ታይቶ አይታወቅም። ዳይሬክተሩ ደስታውን አልቻለውም፤ ጥናቱ ለሚቀርብበት ጉባኤ «መቶ በመቶ» የሚል ሰሌዳ በወርቃማ ቀለም አሠራ። ዶክተሩን ግን ውስጡን አንድ ነገር ይበላው ነበር። መቶ በመቶ የሚያውቀው በምርጫ ውጤት ላይ ብቻ ነው።

ቀጣዩ ተራ የአሳዳጊ አክስቱ ሆነ፤ ሐሞቷ ውስጥ ጠጠር ተገኝቶ። ጠዋት ኦፕራሲዮን ክፍል ሲገባ አክስቱ ተጋድማለች፤ ወረቀቷም ተሞልታ፣ ተፈርማ እግሯ ሥር ተቀምጣለች። «የሚወልቅ ጥርስ» ከሚለው ጎን «የለም» ተብሏል። ዶክተሩ ልጅ ሳለ ያንን ጥርስ ብርጭቆ ውስጥ ሲስቅበት አይቶታል። በቤተሰቡ ግን ስለሱ ትንፍሽ ያለ የለም።

«ሲስተር፣ አክስቴን ጠይቀሻቸዋል?» አላት ማደንዘዣ የምትሰጠውን አንጋፋ ባለሙያ።

«ውይ ዶክተርዬ! እናቴን የሚያህሉ ሴትዮ ጥርስዎ ይወልቃል ወይ ብዬ ልጠይቅ? አፌን ይቁረጠው!»

«ሌሎቹንስ?»

«ሌሎቹማ የሰው እናት ናቸው፤ ይብሳል። ወረቀቱን ጠዋት ሻይ እየጠጣን እንጨርሰዋለን። ላንተው ብለን ነው፤ ጥናትህ እንዳይበላሽ።»

ከዚህ በላይ ደግነት ከየት ይመጣል!

ዶክተሩ አክስቱ ላይ ጎንበስ አለ። «እትዬ፣ ጥርስሽን አውልቂ።»

«የምን ጥርስ?» አለች፣ ቀዶ ሐኪሙን፣ ሁለቱን ነርሶችና የጽዳት ሠራተኛዋን በዓይኗ እየቆጠረች።

«እንቅልፍ ሲወስድሽ ጉሮሮሽ ውስጥ ቢገባ ትንፋሽሽ ይቆማል።»

«ይቁም! ይህን ሁሉ ዓመት የተማርከው ያሳደገችህን ለማዋረድ ነው?»

ቀዶ ሐኪሙ ሰዓቱን አየ። «እናት የለም ካሉ የለም ነው። እንቀጥል።»

ሲስተር መርፌውን አነሣች።

«ካላወለቀች አትወጊም!» አለ ዶክተሩ። ይህን ቃል ለሦስት መቶ አሥራ አንዱ ሰው አንድም ቀን ብሎት አያውቅም።

አክስቱ ረጅም ተነፈሰች። «ሁላችሁም ወደ ግድግዳው ዙሩ።»

ዞሩ። ቀዶ ሐኪሙ ሳይቀር እንደ ተቀጣ ተማሪ ቆመ። በዶክተሩ መዳፍ ላይ ሞቅ ያለ፣ ርጥብ ነገር ዱብ አለ፦ ስድስት የፊት ጥርስ።

ከሰዓት በሰላም ነቃች። አንሶላውን እስከ አፍንጫዋ ስባ ፊቷን አዞረችበት፤ አላናገረችውም።

ዳይሬክተሩ ግን አናገረው። «ይቺን «አለ» ተብላ የታረመች የአክስትህን ወረቀት አውጣት፤ መቶ በመቷችንን ታበላሻለች።»

«ሰው የተጠየቀባት እሷ ብቻ ናት።»

«እና? ሦስት መቶ አሥራ አንዱን ይዘህ ጉባኤው ሂዳ!»

ዶክተሩ ቢሮው ገብቶ ሦስት መቶ አሥራ አንዱን ካርቶን ውስጥ ከተታቸው። ከዚያ ኮምፒውተሩን ከፍቶ «በጥናቱ የተካተቱ ሕመምተኞች ብዛት» ከሚለው ፊት ለፊት ጻፈ፦ አንድ።