የጃስሚኗ ስድስተኛ ቅጠል

ስሙኝማ፣ እህትና እህት እንዲህ ሲናከሱ አይታችሁ አታውቁም! ሁለቱም አንድ የዕፅዋት ጥናት ቢሮ ውስጥ አበባ የሚሥሉ ሠዓሊዎች ናቸው። ታላቋ ሁሉን ነገር ለክታ ስለምትሠራ «ማስመሪያ»፣ ታናሿ ደግሞ «ቅልብልብ» ነው የሚሏቸው። የቢሮው ኃላፊ ለሚታተም አዲስ መጽሐፍ ሽፋን ጃስሚን በውሃ ቀለም ሣሉ አለቻቸው፤ የሚወጣው ግን የአንዷ ብቻ ነው። ቅልብልብ ደግሞ እስከዛሬ አንድም ሥዕሏ ታትሞላት አያውቅም። አንድም!

ብርጭቆ ውስጥ የቆመችው ቀንበጥ ክፍሉን በመዓዛ ሞልታዋለች። ትልቋ አበባ ስድስት ነጫጭ ቅጠል ነበራት፤ ቅልብልብም ስድስት ሣለች።

«ጃስሚን አምስት ነው፣» አለች ማስመሪያ። «መቁጠርም አልተማርሽ?»

«እትዬ፣ እኔ ያየሁትን ነው የምሥለው። አንቺ ዓይንሽን ጨፍነሽ ነው እንዴ?»

«ምላስሽ ይቆረጥ!»

«ያንቺ ይቅደም!»

እዚያ ቤት ኃላፊዋ ሥዕሉን ከሕያው አበባ ጋር አስተያይታ ትቆጥራለች፤ አንድ ቅጠል ከተሳሳተ አለቀ። ቅልብልብ ብሩሽ ልታጥብ ወጣ ብላ ስትመለስ፣ ወይኔ! አበባዋ አምስት ቅጠል ብቻ! ደግማ ቆጠረች፤ አምስት። ማስመሪያ ጣቷን በጨርቅ እየጠረገች ፈገግ ትላለች።

ኃላፊዋም ያን ጊዜ ከች አለች። «ስድስተኛውን ከየት አመጣሽው?»

«ጥድፊያ ነው ሥራዋ፣ ምን ያድርጉት፣» አለች ማስመሪያ።

የቅልብልብ ደም ፈላ። አጉሊ መነጽሩን አንስታ አበባዋ ላይ ተደፋች። «ይዩልኝ! እዚህ ጋ እስከ ሥሩ ተቀዷል። የጃስሚን ቅጠሎች ከታች አንድ ቱቦ ናቸው፤ ሲረግፉም አብረው ነው። ይቺ ተነጭታ ነው!»

ኃላፊዋ አየች። ከዚያ ማስመሪያን አየቻት። «ስድስት ዓመት ሠርተሽ ይህን ረሳሽ?» ወደ ታናሿም ዞረች። «ቅልብልብ፣ ሥዕልሽን ቢሮዬ ይዘሽልኝ ነይ፤ ሽፋኑ እሱ ነው።»

ኃላፊዋ እንደወጣች ማስመሪያ የራሷን ብሩሽ ያጠበችበትን ድፍርስ ውሃ አነሳች። «ከዛሬ ጀምሮ እህት የለሽም!»

ቅልብልብ ሥዕሏን አቅፋ ጀርባዋን ሰጠቻት። ውሃው ጀርባዋ ላይ ቸለስ!

«ጨርሰሻል?» አለች፣ ሳትዞር። ሥዕሉ ላይ ጠብ አላለም። በሩን በእግሯ ከፍታ፣ እየተንጠባጠበች ወደ ኃላፊዋ ቢሮ በረረች።