እንግዳ የማይመልስ ቤት

ሚልያ ከሳሎኑ በር ጀርባ ቆማ ጆሮዋን ለጥፋለች። ወንዶቹ ከተቀመጡ ቆይተዋል፤ የተቀዳላቸውን መራራ ቡና ግን አንዳቸውም አልነኩትም። ልማዱ ነዋ! ጌታ በተወለደበት አገር፣ በቤት ሳሑር ከተማ፣ ለሽምግልና የመጣ ሰው የጠየቀውን እሺ ካላሉት ቡናውን አይቀምስም። ባለቤቱ «ጠጡ» ካለ ግን አለቀ፤ የተጠየቀው ተሰጠ ማለት ነው። ከዚያ ወዲያ ቃሉን ያጠፈ ወንድ በከተማው ቀና ብሎ አይሄድም።

የመጡት ኑሃን ሊወስዱ ነው። ኑሃ የሚልያ ብቸኛ ሴት ልጅ ናት፤ የሰባት ወር ነፍሰ ጡር። ትናንት በዶፍ ዝናብ ከባሏ ቤት ሸሽታ መጣች። የባሏ የፋሪድ ጣቶች አሻራ አንገቷ ላይ በልዞ ይታያል። ሳሎኑ በሽማግሌ ሲሞላ ወደ ታች፣ አባቷ የወይራ እንጨት ወደሚጠርብበት ምድር ቤት አወረዷት። ድሮ የቤተሰቡ ፍየሎች የሚያድሩበት ዋሻ ነበር፤ በክረምት ከቤቱ ሁሉ የሚሞቀው እሱ ነው።

አባቷን አቡ ቢሻራን ከተማው ሁሉ ያውቀዋል። የልደቱን ምስል ሲጠርብ ነው ጸጉሩ የሸበተው። በሬና አህያ ይጨምራል፣ ገዢ ይፈልጋላ፤ ግን «ወንጌሉ ግርግም አለ እንጂ በሬ አላለም» ሳይል አይሸጥም። ሰብአ ሰገልንም ሦስት አድርጎ እየጠረበ፣ «ሦስት ናቸው ያለው ማነው? የተቆጠረው ስጦታው ነው፣ ሰዎቹን ማን ቆጠራቸው?» እያለ ተሳላሚውን ሁሉ ያደክማል። አንድ ሰው ግን ቢለምኑትም አይጠርብም፤ ማርያምን ከደጁ መለሰ የሚባለውን ባለ ማደሪያ። «እንዲህ ያለ ሰው በመጽሐፉ የለም!» ይላል፣ የአንገቱ ደም ሥር ተገታትሮ። «የኛ አያቶች እርጉዝ ሴት ላይ በር ዘጉ? ይሄ ስም ማጥፋት ነው!»

ዛሬ ጠዋት የልጁን አንገት አይቶ አልቅሷል። በእመብርሃን ስም፣ ሚልያ በዓይኗ አይታዋለች። «ሬሳዬን ተሻግረው ካልሆነ አትሄድም» ብሏል። ሚልያም ይህን ይዛ ነው ቡናውን ያፈላችው።

«ልጁ ተጸጽቷል» አሉ የፋሪድ አጎት፣ አቡ ሳሊም። «ወጣት ነው፣ ደሙ ቶሎ ይፈላል። የባልና ሚስትን ነገር ታውቀው የለ? ማታ ይጣላሉ፣ ጠዋት አብረው ይስቃሉ።»

«አንገቷን አይታችሁታል?» አለ አቡ ቢሻራ።

ሽማግሌዎቹ ይዘዋቸው የመጡት ቄስ፣ አባ ጥናስ፣ ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

«ስማኝ ልጄ» አሉ። «ሴት ልጅ መቻል አለባት። እመቤታችንን አታይም? ያን ሁሉ አገር በአህያ መጥታ፣ በደረሰችበት ሌሊት ምጥ ይዟት፣ ባለ ማደሪያው በሩን ሲጠረቅምባት አንዲት ቃል ተነፈሰች? ችላ በዚያ ብርድ በረት ውስጥ ወለደች። ኑሃም ትቻላ!»

ቄስ ባይሆኑ ኖሮ ሚልያ ትረግማቸው ነበር። ይቻላል እንዴ እንዲህ ያለ ነገር ከካህን አፍ?

አቡ ቢሻራ ግን ከመቀመጫው ብድግ አለ።

«ይፍቱኝ አባታችን፣ ይህን ከየት አመጡት? አህያው የት ተጻፈ? በደረሰችበት ሌሊት የሚለውስ? ‹በዚያ ሳሉ› ነው የሚለው፤ ሰንብተዋል! ባለ ማደሪያውስ? እስቲ ያሳዩኝ፣ ምዕራፉ የት ነው?»

«እንግዲህ... ሲባል የሰማነው ነው» አሉ አባ ጥናስ።

«ሲባል! ዮሴፍ የዳዊት ዘር ሆኖ፣ በአባቶቹ አገር ዘመድ አጣ? የእንግዳው ማደሪያ ሞላ፤ በቃ ሞላ! ታዲያ ምን አደረጉ? ወደ ታች፣ ራሳቸው ከነከብታቸው ወደሚያድሩበት፣ ወደሚሞቀው አስገቧት። ሴቶቹም ከበቧት። እሺ፣ ይሄን የምለው እኔ ነኝ፣ አልተጻፈም፤ ግን በዘመድ ቤት ሴት ጠፍቶ ያውቃል? ይህ አገር ነፍሰ ጡር አልመለሰም! ማንም አልተመለሰም! ማንም!»

ሚልያ አፏን በልብሷ ጫፍ አፍና አለቀሰች። ተመስገን፣ በገዛ አፉ መጣለት። አሁን ዞር ብሎ «ልጄም ታች ናት፣ አትንቀሳቀስም» ይላቸዋል። ሌላ ምን ሊል ይችላል? ሦስቴ አማተበች።

አቡ ሳሊም ግን ብልጥ ሰው ናቸው፣ እሳቸውስ በሆነ ባልሆነው አይቆጡም። ፈገግ አሉ።

«እውነትህን ነው፣ አቡ ቢሻራ። እኛም ይህንኑ አውቀን ነው የመጣን። ይህ ቤት በአያትህም ጊዜ፣ በአባትህም ጊዜ እንግዳ መልሶ አያውቅም፤ ይሄን የማይመሰክር ማነው? ይኸው እኛም ደጅህ ወድቀናል። ሽበታችንን ይዘን፣ ቄሳችንን ይዘን መጥተናል፤ ቡናችንም ቀዘቀዘ። አንተ ትመልሰናለህ?»

ሚልያ ገርበብ ባለው በር አጮልቃ የባሏን ፊት አየች። ያን ፊት ታውቀዋለች። ተሳላሚዎች ከብበውት ሲያጨበጭቡለት የሚያመጣው ፊት ነው። ደረቱ ተነፋ፣ ትከሻው ሰፋ። አይ ውዳሴ፣ ስንቱን ገደል ከተትክ!

ግቢ፣ አለች ለራሷ። ግቢና ስኒውን ሁሉ ድፊው። እጇ የበሩን እጀታ ይዟል። «ሴት ወደ ማጀት፣ ወንድ ወደ ችሎት» እየተባለች ያደገች ሴት ናት፤ እጇ እጀታውን እንደያዘ ቀረ።

«ጠጡ» አለ አቡ ቢሻራ። «ምን ማለታችሁ ነው? ቤታችሁ አይደለም እንዴ? ጠጡ!»

ስኒዎቹ ተነሡ። የቀዘቀዘውን ቡና ፉት ሲሉት ተሰማ።

«እግዚአብሔር ቤትህን ያቁመው!» አሉ አቡ ሳሊም።

«ብቻ... እጁን እንዳያነሣባት» አለ አቡ ቢሻራ። ድምፁ አሁን አንሷል። ይህን ያለው ግን ስኒው ባዶ ከሆነ በኋላ ነው።

«በጢማችን ይሁንብን!» አሉ ሁሉም ባንድ አፍ፤ ጢም ደግሞ ምን ገዶት፣ ስንቴ አልተማለበት!

ሚልያ ደረጃውን ግድግዳውን እየተደገፈች ወረደች። ኑሃ በእንጨቱ ፍቅፋቂ መሀል፣ አባቷ በሚቀመጥባት ዱካ ላይ ተቀምጣለች። ብርድ ልብስ ደርባለች፤ ባዶ እግሯን ናት። የእናቷን ፊት አየች።

«ሰማሽ እንዴ?» አለች ሚልያ።

«አባባ ሲጮህ የሚለው ይሰማል። ቀስ ብሎ የሚለው ነው የማይሰማው።» ኑሃ ሆዷን በሁለት እጇ ያዘች። «‹ማንም አልተመለሰም› ሲል ሰማሁት፣ እማ። በቃ ቀረሁ ብዬ ጫማዬን አወለቅሁ።»

ሚልያ «ልጄ፣ በሩ ላይ ነበርኩ፣ እጄ እጀታው ላይ ነበር» ልትላት ነበር። ይህስ ምን ይጠቅማታል?

ከላይ ወንዶቹ ይስቃሉ። አንደኛው መኪናውን ሊያስነሣ ወጣ።

ኑሃ ጫማዋን ለማንሣት ጎንበስ አለች። ሆዷ አላስጎነብስ አላት፤ ደግማ ሞከረች። «አልደርስበትም» አለች።

ሚልያ ፍቅፋቂው ላይ ተንበረከከች። ያበጠውን እግር ጭኗ ላይ አድርጋ አንዱን ጫማ አጠለቀችላት፣ ከዚያ ሌላውን። ደጁ ጭቃ ስለሆነ ማሰሪያውን ጠበቅ አድርጋ አሰረችው።