የሉባባ ስልክ ሦስተኛ ጆሮ

የሞያሌ ሰው ሉባባን ሲያማ «ሬሳ ቢያልፍ እንኳ ወዴት ነህ ትለዋለች» ይላል። እውነቱን ነው። በኬንያ በኩል ካለው የጫማ ሱቋ ተቀምጣ የማትጠይቀው መንገደኛ የለም። ስለዚህ አሸባሪ ሊያድን የተመደበው፣ ዩኒፎርም የማይለብሰው የጸጥታ ሰው ኬቨን በሩ ላይ ቆም ብሎ «ማማ ሉባባ፣ የእህትሽ ጥርስ ተሻላት?» ሲላት ከመደንገጧ በፊት ገረማት። እህቷ ሳቢራ የምትኖረው ማዶ፣ በኢትዮጵያው ሞያሌ ነው። የጥርሷን ነገር የነገረቻት በስልክ፣ ያውም ለእሷ ብቻ ነበር።

ሌላ ሰው ቢሆን ስልኩን ዘግቶ ይቀመጥ ነበር። ሉባባ ግን ነገሩን ማጣራት አማራት። ለሳቢራ ደወለችና «ነገ ዓይኔን ልታይ ሶሎሎ ሆስፒታል ልሄድ ነው» አለቻት፤ ውሸቷን። በማግስቱ ኬቨን ሱቋ ውስጥ ሲያያት ግር አለው።

«ሶሎሎ አልሄድሽም እንዴ?» አለና ወዲያው አፉን ያዘ።

ሉባባ ሳቋን ለማፈን ጫማ የምትፈልግ መስላ ጎንበስ አለች። አሸባሪ አዳኞቹ የእሷን ዓይን ሲያስታምሙ አድረዋል ማለት ነው!

እዚህ ላይ ቢበቃት ምን ነበረበት? ግን ደግሞ ሁሉንም ይሰማሉ ወይስ ይመርጣሉ? በዚያ አገር ሰላምታ ካለቀ በኋላ ወሬ መስጠት ወግ ነው፦ ዝናብ የት ጣለ፣ ማን መጣ፣ ማን ቤት እንግዳ አረፈ። ስም የሌለው ወሬ ደግሞ ወሬ አይባልም።

«ኡራን መንደር፣ ሀልካኖ ቤት፣ ማንም የማያውቀው እንግዳ ተቀምጧል አሉ» አለች ለሳቢራ።

የፍየል ነጋዴው ሀልካኖ እንደ ወንድሟ የምታየው ሰው ነው፤ ሎሪ የሚነዳው ልጇ ሰሊም እንኳ ሲያልፍ እሱ ቤት ያድራል። ስሙ ለምን አፏ ላይ እንደመጣ እሷም አታውቅም።

ኬቨን መጥቶ ስለ እንግዳው እንዲጠይቃት ጠበቀች። የመጣችው ግን የሀልካኖ ሚስት ፋዱሞ ናት፣ በቦዳቦዳ ሞተር ብስክሌት፣ አቧራ ለብሳ። ታርጋ የሌለው መኪና ባሏን ወስዶታል። ፖሊስ ጣቢያ ብትሄድ «እኛ ጋ የለም» አሏት።

«እንግዳህን አምጣ እያሉ ነው የወሰዱት! የቱን እንግዳ?» እያለች አለቀሰች።

ሉባባ ሱቋን ሳትዘጋ ወጣች። ሮጣ ኬቨንን መንገድ ላይ ያዘችው።

«ውሸቴን ነው! እንግዳ የለም፣ በስልክ የፈጠርኩት ነው!»

«በየትኛው ስልክ?» አለ ኬቨን ረጋ ብሎ። «ማማ፣ ስልክ ለመስማት የፍርድ ቤት ትእዛዝ ያስፈልጋል። ትእዛዝ የለንም። ስለዚህ ምንም አልሰማንም። ያልሰማነውን እንዴት እናርም?»

የቀራት አንድ በር ስልኩ ነው። ለሳቢራ ደወለች።

«ሳቢራ፣ አንቺ ዝም በይ፤ የምናገረው ላንቺ አይደለም። የምትሰማው ልጅ፣ ማንም ሁን፣ ሀልካኖ ንጹህ ነው! የዋሸሁት እኔ ነኝ!»

ሳቢራ «ከማን ጋር ነው የምታወሪው?» እያለች ስትጮህ ዘጋችባት።

ከቀናት በኋላ ሀልካኖ ተለቀቀ። ሉባባ «ሰምተውኛል!» ብላ በደስታ እልል አለች። ሱቋ ሲመጣ ግን ከስቷል፣ አንድ እጁን እንደ ልብ አያነሳም። እያለቀሰች ሁሉንም ነገረችው። ሀልካኖ አልተቆጣም፤ ተቆጥቶ ቢሆን ይሻላት ነበር።

«ያስፈታኝ ያንቺ ስልክ አይደለም፣ እህቴ» አለ። «እንግዳ የለኝም ብል እምቢ አሉ። ሲብስብኝ ስም ሰጠኋቸው። ያኔ ለቀቁኝ።»

«የማንን ስም?»

ሀልካኖ መሬት መሬቱን አየ።

«የልጅሽን፣ የሰሊምን። በሎሪ ሲያልፍ እኛ ዘንድ ያድር የለ? ሌላ ስም አልመጣልኝም።»

ሉባባ ዘላ ስልኳን አነሳች። የሰሊምን ቁጥር አወጣች። ከዚያ ጣቷ ቁልፉ ላይ እንዳለ ቀረ። «የት ደረስክ ልጄ?» ብትለው፣ መልሱን የምትሰማው እሷ ብቻ አይደለችም።